በእጅ የተሠራ የብር ጌጥ ዋጋ እንዴት ነው የምትቆርጡት? (ሰሜን ሸዋ ያላችሁ ግቡ)

ብር_በእጄ (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ነኝ፤ የብር ጌጥ በእጄ እሠራለሁ። ጉትቻ፣ ቀለበት፣ የአንገት መስቀል፣ ሲታዘዝ ደግሞ አልቦ (የእግር ጌጥ) እና ድሪ (የአንገት ሰንሰለት)። ሱቅ የለኝም። የምሠራው ቤቴ ነው፣ የምሸጠው በቴሌግራምና በሰው በሰው ነው።

ይህን ርዕስ የከፈትኩት ስለ ዋጋ በግልጽ እንድናወራ ነው። እጃቸው የሚያስቀና ልጆች አውቃለሁ፤ ዋጋ ሲጠየቁ ግን አፋቸው ይተሳሰራል። መጀመሪያ የደንበኛውን ልብስና ጫማ ያያሉ፣ የመጣላቸውን ይጠራሉ፣ «ቀንሺ» ሲባሉ ይቀንሳሉ፣ «ሌላም ሰው አመጣልሻለሁ» ሲባሉ ደግሞ ይቀንሳሉ። እንዲህ እየሠራ የቆየ ሰው አላየሁም። ፒንሳና መዶሻቸውን ሸጠው ሌላ ሥራ የገቡ አሉ፤ ያሳዝነኛል።

የኔ አቋም ይሄ ነው። ብሩ ለብቻ፣ እጅ ለብቻ ይቆጠር። ለደንበኛውም ተለያይቶ ይነገረው። ወርቅ ቤት ስትገቡ ግራሙ ይህን ያህል፣ የእጅ ዋጋው ይህን ያህል ይሏችኋል፤ ማንም ቅር አይለውም። ብር ላይ ሲሆን ለምን እንሸፋፍናለን?

ምሳሌ ልስጥ። አንድ ጥንድ ጉትቻ 6 ግራም ይፈጃል እንበል። ግራሙን በ300 ገዛሁት ብንል 1,800 ነው። (ዋጋው ስለሚዋዥቅ ቁጥሩን ለስሌት ብቻ ውሰዱት።) በመጋዝና በሞረድ የሚባክን አለ፤ ብናኙን በጨርቅ ላይ ብሰበስበውም ሁሉም አይመለስም፤ ለሱ 90። ጋዝ፣ ቦራክስ (ለብየዳ የሚቀባው)፣ የሚሰበር የመጋዝ ምላጭ፣ ብርጭቆ ወረቀት 100። ሳጥንና መላኪያ 80። ሥራው 5 ሰዓት ይወስዳል፤ ለሰዓቱ 120 ብቆርጥ 600። ድምሩ 2,670 መጣ። ይሄ ገና ወጪው ነው። መሣሪያ የምቀይርበትን፣ ሥራ የሌለበትን ወር የማልፍበትን ስጨምር 3,200 ላይ ነው የምሸጠው።

5 ሰዓት ስል ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ሽቦውን ቀዳዳ ባለው ብረት እየጎተትኩ አቀጥናለሁ። ሁለቱን ቀጭን ሽቦ አጥብቄ እገምድና ጠፍጠፍ አደርገዋለሁ፤ ያኔ ጠርዙ ጥቃቅን ፍሬ የተደረደረበት ይመስላል። ያንን በፒንሳ አበባ አበባ አድርጌ እጠመዝዝና ወፈር ባለ ክፈፍ ውስጥ እገጥመዋለሁ። ቦራክስ እቀባለሁ፣ የተሞረደ የብየዳ ብር እነሰንስበታለሁ፣ ከዚያ እሳቱን ዙሪያውን እያዞርኩ አሞቀዋለሁ። ብየዳው ብልጭ ብሎ ሲሮጥ እሳቱን ወዲያው ማንሳት ነው። ትንሽ ከዘገየሁ ቀጭኑ ሽቦ አብሮ ቀልጦ ኳስ ይሆናል፤ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

እናንተስ እንዴት ነው የምታሰሉት? ሱቅ ውስጥ የምታስቀምጡስ?


የጫጫው፦

እህቴ እጅሽ ይባረክ፤ ግን 3,200 ለጉትቻ በዛ። ገበያ ላይ በ200 ብር የሚያምር ጉትቻ ሞልቷል። ባለቤቴ ከዚያ ነው የምትገዛው፣ ያምርባታል። ከሩቅ ሲታይ ማን ይለየዋል? ለመናቅ አይደለም፣ እንደ ገዢ ነው የምጠይቅሽ።


ብር_በእጄ፦

ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ በግልጽ መጠየቅህንም ወድጄዋለሁ። በ200 ብር የሚሸጠው ሌላ ብረት ላይ ስስ ቅብ የተቀባ ነው። ለአንድ ሰሞን ያምራል፤ መግዛቷ ጥፋት የለውም። ቅቡ ሲለቅ ግን ሥሩ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ኒኬል አለበት፤ ጆሯቸው የሚያሳክካቸውና ውኃ የሚቋጥርባቸው ሰዎች ከዚያ ነው።

የብሩ ሲቆረጥ ይበየዳል፣ ሲጠቁር ይጸዳል፣ ልጅህ ስታድግ ታደርገዋለች። ሰልችቷት ብታቀልጠው እንኳ ያው ብር ነው። ዋጋው በዛብኝ ካልክ ቀለል ያለ፣ 2 ግራም የሆነ፣ ጥልፍ (ያ የተጠመዘዘው የሽቦ ሥራ) የሌለው ልሠራልህ እችላለሁ፤ ሰዓቱም ግራሙም ይወርዳል። ያንኑ ባለ ጥልፉን አርክሼ እንድሰጥህ ግን አትጠብቅ።


የጫጫው፦

ይሄ ገብቶኛል። የ2 ግራሙን ፎቶ በውስጥ ላኪልኝ።


ሙያ_ከአባት (አልዩ አምባ)፦

ልጄ፣ ብሩ ለብቻ እጅ ለብቻ ያልሽው አዲስ ነገር አይደለም፤ የድሮው ሥርዓት ነው። እኔ አንጥረኛ ነኝ፣ አባቴም አንጥረኛ ነበር። በአባቴ ጊዜ ሰው ጌጥ ሊያሠራ ሲመጣ ጠገራውን፣ ማርትሬዛ የሚባለውን የድሮ የብር ገንዘብ፣ ይዞ ነው የሚመጣው። ለአልቦ ይህን ያህል ጠገራ፣ ለድሪ ይህን ያህል ተብሎ በፊቱ ይቆጠራል። ይቀልጣል፣ ይሠራል፣ ሲያልቅ ተመዝኖ ይሰጠዋል። የሠሪው ዋጋ ሌላ ነው፤ በገንዘብም በእህልም ይከፈል ነበር። ብሩ የባለቤቱ መሆኑን ሁለቱም ስለሚያውቁት ጭቅጭቅ የለም። ጌጡ ተሠርቶ ተሰቅሎ መሸጥ ሲጀምር ነው ሁሉ ነገር የተደባለቀው።

አልዩ አምባ ድሮ ትልቅ ገበያ ነበር። ከባሕር በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ወደ አንኮበር ከመውጣቱ በፊት እዚሁ ነበር የሚያርፈው፤ ጠገራውም፣ ዶቃውም፣ ጨርቁም በዚህ ነው ያለፈው። ስለዚህ በዚህ አገር የብር ጌጥ ሥር አለው። አንኮበር ዙሪያ ያሉ ባልቴቶች ሣጥን ውስጥ ዛሬም ያየሁት አለ፤ ሰንሰለቱ በአንድ እጅ የማይነሳ።

ሌላም ልበል። ያኔ አንጥረኛን ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያሉ የሚሰድቡ ነበሩ። አፄ ምኒልክ ሠራተኛ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ ይህን ያህል የከፋ ነገር ነበር። ዛሬ ስድቡን በአፍ የሚናገረው ጥቂት ነው። ዋጋ ላይ ግን አሁንም አለ። ለድንጋዩ፣ ለብሩ፣ ለማሸጊያው ሳይከራከር የሚከፍል ሰው እጅ ላይ ሲደርስ «ይሄማ ምን አላት» ይላል። አትቀበይው።


ብር_በእጄ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የጻፉትን ቀድቼ አስቀምጫለሁ፤ ደንበኞቼም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጠገራ ይዘው መጥተው «በዚህ ሥሪልኝ» የሚሉኝ አሉ። እርስዎ ምን ያደርጋሉ?


ሙያ_ከአባት፦

መጀመሪያ እውነተኛ መሆኑን አያለሁ። ማርትሬዛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ ቀሪው መዳብ። ዓመተ ምሕረቱን አይተሽ አሮጌ ነው አዲስ ነው ማለት አትችይም፤ መልኳ ያለበት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች ወዲህ በየትኛውም ጊዜ ቢመታ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1780 ነው የተጻፈበት፣ የሞተችበት ዓመት። ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ የደበዘዘ፣ ክብደቱ የጎደለ ከሆነ ተጠራጠሪ። አስመስለው የሚያፈሱት ሞልቷል።

ከዚያ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። የአያት ከሆነ፣ ወይም የምኒልክ መልክ ያለበት ብር ከሆነ፣ ባታቀልጠው ይሻላል እለዋለሁ። እንዳለ ዙሪያውን ክፈፍ አበጅቼ በሰንሰለት ላንጠለጥልለት እችላለሁ፤ ሳንቲሙም ሳይበሳ ይቀራል።


ብር_በእጄ፦

ትክክል። በዚያ ላይ እኔ የምሸጠው 925 (ከ1,000 እጅ 925ቱ ብር) ነው ብዬ ስለሆነ ጠገራውን ብቻውን አቅልጬ 925 ማለት አልችልም። አስልቼዋለሁ፦ አንዱን ጠገራ ወደ 925 ለማድረስ 34 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር መጨመር አለበት። ከራሱ ከጠገራው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ በጠገራ አሠርተው «925 ነው» ብለው የሚሸጡላችሁ ካሉ ጠይቁ። 833 ቢሆን ነውር የለውም፤ የአያቶቻችን ጌጥ ብዙው እሱ ነው። ግን በስሙ ይጠራ።


ፒያሳ_ያደገ፦

ከዚህ ጋር የሚሄድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ የወርቅ ቤት ሰፈር ነው ያደግኩት፤ አሁን ኑሮዬ ደብረ ሲና ነው። ገበያው ላይ «ጀርመን ሲልቨር» የሚባል አለ። ውስጡ ብር የሚባል ነገር የለም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ሲያብረቀርቅ ብር ነው ብለው ይሸጡታል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ 925 የሚል ማኅተም መትተውበታል። ማኅተም ማንም ያስቀርጻል።

ብዙ ሰው በማግኔት ነው የሚፈትነው። ማግኔት የሚለየው ብረቱን ብቻ ነው። መዳብም ነሐስም ጀርመን ሲልቨርም አይሳቡም። የሚያስተማምነው መፈተኛ ድንጋይ ላይ አሽቶ አሲድ ማንጠባጠብ ነው፤ ወርቅ ቤቶች አላቸው፣ ጥቂት ገንዘብ ከፍላችሁ አስፈትኑ። ሠሪውም ቢሆን ደንበኛው ፊት ቢያስፈትን ይተማመኑበታል።

ነሐስ የምታቀልጡ ልጆች ደግሞ በር ከፍታችሁ ሥሩ። ዚንኩ ሲነድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ሰው አሳምሞ ያስተኛል። ብርድ ነው ብላችሁ ቤት ዘግታችሁ አትሥሩ።


ብር_በእጄ፦

ብርድ ካልክ አይቀር የደብረ ብርሃን ሰዎች አንድ ነገር ያዙ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ትንሿ የጋዝ ቶርች አልነድ ካለቻችሁ ተበላሸች ብላችሁ አትጣሏት። ውስጧ ያለው ጋዝ ቡቴን ነው፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ፈሳሹ ወደ ጋዝ መለወጥ ያቅተዋል። ሌሊት ብርዱ እዚያ የሚደርስበት አገር ነው ያለነው። ጣሳውን ብርዱ በማይበረታበት ክፍል፣ ከእሳትና ከምድጃ ርቆ አሳድሩት። ውኃ አፍልታችሁ እንዳትነክሩት፣ እሳት አጠገብም እንዳታስቀምጡት፤ ይፈነዳል።


ሱቅ_አለኝ (ሸዋ ሮቢት)፦

እኔ ደግሞ የሻጩን ወገን ልናገር። የባህል ልብስና የጌጥ ሱቅ አለኝ። ሠሪዎች ሱቅ ይበላናል ትላላችሁ። እኔ ኪራይ እከፍላለሁ፣ ለልጅቷ ደሞዝ እከፍላለሁ፣ ዕቃው ሳይሸጥ ወራት ይቀመጣል፣ ሙቀቱና አቧራው ብሩን ያጠቁረዋል፣ እሱን ሳጸዳ እውላለሁ። 30 በመቶ ብወስድ በዛ አይባልም።

እዚህ ቆላው ላይ ደግሞ የሰው ምርጫ ይለያል። ቀጭን ጥልፍ ብዙም አይጠይቁኝም። ደልደል ያለ አምባር፣ ዶቃ የገባበት፣ ቀለሙ የሚታይ ነገር ነው የሚሄደው። እሁድ ሰንበቴ ገበያ ውረጂና እዪ፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ሁሉም አለ፤ ማን ምን እንዳደረገ ዓይንሽ ያስተምርሻል። አዲስ አበባ ላይ የሚታየውን ብቻ እያያችሁ አትሥሩ።


ብር_በእጄ፦

ወንድሜ በ30 በመቶው አልጣላህም፤ የሱቅ ወጪ እውነተኛ ወጪ ነው። ችግሩ ሠሪው ሳያሰላ ሱቅ ሲገባ ነው። ያችኑ የ3,200 ጉትቻ ላንተ ብሰጥ 960 ትወስዳለህ፣ ለኔ 2,240 ይደርሰኛል። ወጪዬ 2,670 ነበር። በእያንዳንዷ ጉትቻ 430 ከኪሴ እየጨመርኩ ነው ማለት ነው። ኪሳራው ደግሞ ወዲያው አይታይም፤ ገንዘብ እጅ ላይ ሲገባ ትርፍ ይመስላል፣ ሌላ ብር ሊገዙ ሲሄዱ ነው የሚያጥረው።

ሱቅ ላይ 4,000፣ ቴሌግራም ላይ 3,200 ማድረግም አልወድም። ገዢው ሁለቱንም ያያል፤ ያን ቀን አንተም እኔም እንታማለን። ስለዚህ ለሱቅ የምሰጠው ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ብዙውን በአንድ ጊዜ ቆርጬ፣ በአንድ ጊዜ በይጄ የምጨርሰው፤ ቀለል ያለ ቀለበት፣ ቀጭን አምባር። እዚያ ላይ 30 በመቶው ይወጣል። ጥልፍ ሥራ ግን ከእጄ ወደ ባለቤቱ እጅ ብቻ ነው የሚሄደው።

የሰንበቴውን ምክር ተቀብያለሁ። ደልደል ያለ አምባር ዶቃ አግብቼ ልላክልህ፤ ዋጋውን ሱቁን አስቤ ነው የምቆርጠው።


ሱቅ_አለኝ፦

ላኪ። በኮሚሽን ሳይሆን እጅ በእጅ ነው የምገዛሽ፤ መጀመሪያ ጥቂት።


ድንጋይ_ወዳጅ (መዘዞ)፦

ብር ብር ብቻ አላችሁ እንጂ የራሳችን ድንጋይ አለን እኮ! ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ሲኬድ መዘዞ አካባቢ ኦፓል ይወጣል። የኢትዮጵያ ኦፓል ስሙ በዓለም መሰማት የጀመረው በኛው በሸዋው ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ። የወሎው፣ የደላንታው፣ በ2000ዎቹ መጨረሻ ነው የመጣው፤ አሁን ገበያውን የያዘውም እሱ ነው።

የመዘዞው ክብ ክብ ድንጋይ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚገኘው። ሲፈለጥ ውስጡ አንዳንዴ ባዶ ነው፣ አንዳንዴ ቡናማ፣ ብርቱካንማ ሆኖ ቀይና አረንጓዴ ብልጭታ ይሰጣል። ችግሩ መሰንጠቁ ነው። ሲደርቅ ብዙው ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ከአውጪው ዛሬ ገዝታችሁ ነገ ቀለበት ላይ አታስቀምጡ። ደረቅ ቦታ ወራት ይቀመጥ። የሚሰነጠቀው ያኔ ይሰነጠቃል፣ የቀረውን በልበ ሙሉነት ትሠሩበታላችሁ።

የደላንታው ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ውኃ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ብልጭታው ጠፍቶ መስታወት ይሆናል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ደንበኛ ደንግጦ «ድንጋዩ ተቀየረ» ይላል። ውኃውስ ይደርቃል፤ ዘይት፣ ሽቶ፣ ቅባት፣ የወጥ ቀለም ከገባበት ግን ቀለሙ ሊቀየር ይችላል። ለገዢው አስቀድማችሁ ንገሩት።


ብር_በእጄ፦

ወርቅ የሆነ መረጃ ነው። ሠሪዎች አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፦ ድንጋዩ ከገባ በኋላ እሳት አይነካውም። ብየዳው፣ ሎሚ ውስጥ መዘፍዘፉ፣ መወልወሉ ሁሉ አልቆ ነው ድንጋዩ የሚቀመጠው። የኦፓል ቀለበት «አስፊልኝ» ብሎ ለሚመጣም መጀመሪያ ድንጋዩን ማውጣት ነው። ይሄም ሥራ ነው፣ ዋጋ አለው።

የመዘዞ ድንጋይ ደርቆ የቆየ ካለህ በውስጥ አናግረኝ። በአገር ብር ላይ የአገር ድንጋይ አስቀምጦ የመዘዞ ነው ብሎ መሸጥ ደስ ይለኛል።


የመሐል_ሜዳዋ፦

ሰላም እህቴ። ሠርጌ ለጥር ነው። አያቴ የሰጠችኝ ድሪ አለ፤ አንድ ቦታ ተበጥሷል፣ ጠቁሯል፣ እንዲህ ሆኖ አላደርገውም። አቅልጠሽ አዲስ ጉትቻና ቀለበት ብትሠሪልኝ ስንት ትጠይቂኛለሽ? ብሩ የኔ ስለሆነ የእጅ ብቻ ነው አይደል የምከፍለው? (የጋሼን ጽሑፍ አንብቤ ነው።)


ሙያ_ከአባት፦

ልጄ አታስቀልጪው። እባክሽ።


ብር_በእጄ፦

እኔም ያንኑ ነው የምለው፤ ሥራ ጠልቼ አይደለም። እንዲህ ያለ ድሪ ቀለበቱ አንድ በአንድ በእጅ ተጠቅልሎ፣ ተቆርጦ፣ ተበይዶ የተያያዘ ነው። ቢቀልጥ የሚቀረው ግራሙ ብቻ ነው፤ የሠሪው እጅ ይጠፋል። ያን ሁሉ ቀለበት ዛሬ አንድ በአንድ ልሥራው ብል ዋጋው አንቺንም እኔንም ያስደነግጣል።

የተበጠሰው ይጠገናል። ፎቶውን ስታነሺ የተበጠሰበትን አካባቢ ቀረብ አድርገሽ አንሺልኝ። ግራጫ፣ ለስለስ ያለ ነገር ተለጥፎበት ካለ ከዚህ በፊት አንዱ በቆርቆሮ ወይም በእርሳስ ብየዳ ለጥፎታል ማለት ነው። እሱ ተፍቆ ሳይጸዳ እሳት ከነካው ብሩን በልቶ ይበሳዋል። ብዙ የድሮ ጌጥ የሚበላሸው እንዲህ ነው፤ ለሠሪውም ሳትነግሪው እንዳታልፊ።

ጥቁረቱ አያስጨንቅሽ። ብር ይጠቁራል። እኔ ግን እስከ ጥጉ አላነጻውም፤ ጥልፉ መሀል ያለው ጥቁረት ሲቀር ነው ቅርጹ የሚታየው። ቤትሽ ልትሞክሪ ብትፈልጊ ለስላሳ ጨርቅና ሳሙና ይበቃል። በጥርስ ሳሙና አትሺው፣ ይጭረዋል።

ዋጋውን ዕቃውን ሳላይ አልቆርጥልሽም። የምትከፍዪው ግን ልክ ነሽ፣ የእጅ ብቻ ነው፤ ለብየዳ የጨመርኩት ብር ካለ በፊትም በኋላም መዝኜ እነግርሻለሁ። የጣት ቀለበቱን ደግሞ ከፈለግሽ በአዲስ ብር እንሠራለን።

ለጥር ሠርግ አሁኑኑ መወሰን ነው። ጥር ላይ ሁሉም ያገባል፣ እጄ ይሞላል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሠርግ ስለሌለ ሥራው ቀዝቀዝ ይላል፤ ያኔ ለፋሲካ ማግስት ሠርግ እሠራለሁ።


ዶቃና_ሱፍ (ሞላሌ)፦

እኔ የመንዝ በግ ሱፍ በሙቅ ውኃና በሳሙና እያሸሁ ጠንካራ እንክብል አደርገዋለሁ፣ ከዶቃ ጋር ሰክቼ የአንገት ጌጥ እሸጣለሁ። ሱፋችን ሻካራ ነው፤ ለበርኖስና ለባና ነው የኖረው፤ እንክብል ሲሆን ግን ቅርጹን አይለቅም። ስሜቴን ልናገር። አንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ ናሙና አምጪ ብሎ ወሰደ፣ ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ ከሌላ ቦታ በርካሽ አሠርቶ ደረደረው። የቀለም አደራደሩ እንኳ የኔው ነው። በጣም ነው የተናደድኩት። እንዲህ ያለው ነገር ምን ይደረጋል?


ፒያሳ_ያደገ፦

ያናድዳል እህቴ። የኢንዱስትሪ ንድፍ የሚባል ምዝገባ አለ፤ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው የሚመዘግበው። አዋጁ የ1987 ነው፣ ቁጥር 123። የምስክር ወረቀቱ ለ5 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ግን ንድፉ አዲስ መሆን አለበት፤ ከአያት የወረስነውን መስቀል የኔ ነው ብሎ ማስመዝገብ አይቻልም። ያንቺ የሱፍና የዶቃ አሠራር ለየት ያለ ስለሆነ ጠይቂ። ሳታስመዘግቢ በየቦታው እንዳትለጥፊው፤ አዲስነቱ ላይ ጥያቄ ይነሳል።


ብር_በእጄ፦

እኔ ምዝገባውን አልሞከርኩትም። የማደርገው ይሄን ነው፦ ናሙና በነጻ አልሰጥም፣ ሱቁ ይገዛዋል። ሲወስድም የወሰደውን፣ ቀኑን፣ ዋጋውን ጽፈን እንፈራረማለን። የምሠራበትን ሂደት በፎቶ አስቀምጣለሁ፤ ሽቦው፣ ክፈፉ፣ ከብየዳ በፊት፣ ከብየዳ በኋላ። ደንበኛ ሲያየው ማን እንደሠራው ያውቃል። አንቺም ሱፉን ስታሺ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ልቀቂ፤ የመንዝ በግ ሱፍ መሆኑን ንገሪያቸው፤ ያን ሱቅ የሚገለብጠው ቅርጹን ነው፣ ሱፉን ከየት ያመጣዋል?


ውጭ_ያለሁ፦

የሰላ ድንጋይ ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ ውጭ ነው። ባለፈው መጥቼ የብር መስቀል ገዝቼ ስመለስ አየር ማረፊያ ላይ «ቅርስ ነው ወይ?» ብለው አቆሙኝ። አዲስ ነው ብልም ማረጋገጫ አልነበረኝም። ሠሪዎች ይህን ብታስቡበት ጥሩ ነው።


ብር_በእጄ፦

አመሰግናለሁ፣ ይሄ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። በ1992 የወጣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 209። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ስለዚህ ለውጭ ሰው ስሸጥ ደረሰኝ እሰጣለሁ፤ የተሠራበትን ዓመት፣ ክብደቱን፣ 925 መሆኑን እጽፋለሁ፤ ከጀርባው የራሴን ምልክት እመታበታለሁ። ጥርጣሬ ካለ ከመብረራችሁ በፊት ቅርስ ባለሥልጣን ሄዳችሁ አሳዩ። አዲሱን በጭስና በጭቃ አጥቁረው «የጥንት ነው» ብለው የሚሸጡ ሰዎች ለራሳቸው ብዙ የሸጡ ይመስላቸዋል፤ ገዢውን ግን አየር ማረፊያ ላይ ያስይዙታል፣ የሁላችንንም ስም ያጠፋሉ።


የመሐል_ሜዳዋ፦

እሺ ድሪው አይቀልጥም፤ ለአያቴም ነገርኳት፣ ደስ ብሏታል። ግራጫ ነገር አለበት፣ ፎቶ ልኬልሻለሁ። ቀለበቱን በአዲስ ብር ሥሪልኝ። ደብረ ብርሃን መምጣት አልችልም፤ የጣቴን መጠን እንዴት ልላክልሽ?


ብር_በእጄ፦

ፎቶው ደርሶኛል፤ እንደገመትኩት እርሳስ ነው፣ ይጸዳል።

ለቀለበቱ ወረቀት በቀጭኑ ቁረጪ። ጣትሽ ሥር ጠቅልይውና ጫፉ የተጋጠመበት ላይ ምልክት አድርጊ። ዘርግተሽ በማስመሪያ ለኪው፣ በሚሊ ሜትር ጻፊልኝ። መገጣጠሚያው ወፍራም ከሆነ እሱንም ለብቻ ለኪ። ጠዋት በብርድ አትለኪ፤ መሐል ሜዳ ጠዋት ጣት ይኮማተራል፣ ቀን ሞቅ ሲልሽ ይጠብሻል። ከሰዓት በኋላ ይሁን። ክር አትጠቀሚ፣ ይለጠጣል። ሰፋ ያለ ቀለበት ከሆነ የፈለግሽው ደግሞ ትንሽ ልቅቅ አድርጌ ነው የምሠራው።


የመሐል_ሜዳዋ፦

ከሰዓት ነው የለካሁት። ሥሩ 54፣ መገጣጠሚያው 57። የእጮኛዬ 64። ድሪውን ዓርብ በሚወርደው መኪና በአጎቴ ልጅ እልከዋለሁ።


ብር_በእጄ፦

ይሁን። ከመላክሽ በፊት መዝኚውና ክብደቱን ጻፊልኝ፤ እኔም ሲደርሰኝ መዝኜ ፎቶ እልክልሻለሁ። ቅድመ ክፍያውን በቴሌብር ግማሽ፣ ቀሪውን ስትረከቢ።